ሁለተኛው መርዶ

ከኤሞና፣ በጥቅምት መባቻ፣ አኩሌያ በጠፋች በስድስተኛው ዓመት

ሉፒኪኑስ ለሚስቱ ለኡርሲና፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

በሕይወት አለሁ ብዬ ለላክሁብሽ ቃል፣ በበቅሎ ነጂው በፍሎሮ እጅ የላክሽው መልስ ደረሰኝ። አምስት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን ደብዳቤ ቢደርሰኝ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ስገምት ኖሬአለሁ። አንቺ የጻፍሽው ሦስት ቃል ነው። «እውነት አንተ ነህ?»

እኔ ነኝ። ማስረጃ ካስፈለገሽ፣ በሠርጋችን ሰሞን የእናትሽን የዘይት ማሰሮ ሰብሬ በድመቷ ያመካኘሁት እኔ ነኝ። ድመቷ ተገረፈችልኝ። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

እንዴት ተረፍክ ማለትሽ አይቀርም። የአኩሌያ ቅጥር በፈረሰ ቀን ሁኖቹ ከውሃ ግንቡ አጠገብ ያዙን፣ አሰለፉንም። አስተርጓሚው እየዞረ «ምን ታውቃለህ?» ይላል። ከጎኔ የቆመው የንግግር መምህሩ ነበር። «መናገር» አለ። ሳቁበት፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እኔ «ውሃ አመጣለሁ» አልኩ። አባቴ ያወረሰኝ ሙያ ነው ያዳነኝ። ከዳኑብ ማዶ፣ ድንጋይ በሌለበት የሣር አገር፣ ለፈረሶቻቸው ጉድጓድ ስቆፍር ከረምኩ። ንጉሣቸው ሞቶ ልጆቹ እርስ በርስ ሲባሉ ጌቶቼም ተበተኑ። እኔና ከጦቪዮን ከተማ የተማረከው ሸክላ ሠሪ ፕሮኩሎስ አብረን አመለጥን። አሁንም አብረን ነን።

ስንመጣ የድሮውን የሮም መንገድ ተከትለን ነው። መንገዱ እንዳለ ነው፣ ኡርሲና። አንድም ድንጋይ አልተዛነፈም። የሚሄድበት ሰው ነው የጠፋው። በየማረፊያው ጣሪያው ወድቋል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ፍየል ይወጣል። አባቴ «ሮም ማለት ውሃ ናት፤ ከሩቅ ተራራ ተጠርቶ እሺ ብሎ የሚመጣ ውሃ» ይለኝ ነበር። ከጦቪዮን እስከዚህ ድረስ እሺ ብሎ የሚፈስ አንድ ቦይ አላገኘሁም።

ወረቀቱን አትናቂው። ጀርባው ላይ ያለው የኤሞና ከተማ የውሃ መዝገብ ነው፤ የሚፈልገው የለም ብለው ሰጡኝ።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። እናትሽ አለች? ልጃችን ዶናታስ? ስለያት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በማን ጥላ ሥር ነው ያላችሁት? በረዶው ሳይጥል እመጣለሁ።


ከግራዶ ደሴት፣ ኅዳር በገባ በስምንተኛው ቀን

ኡርሲና ለሉፒኪኑስ፤ እንደምን ከረምክ? አምላክ ይጠብቅህ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ፍሎሮ ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን መለስኩት። የምጽፈው ጠፍቶኝ ሳይሆን የት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። እጄም ጽሕፈት ረስቷል፤ መረብ ስሠራ ነው የምውለው።

የድመቷን ነገር እናቴ ታውቅ ነበር። «ዘይቱ ጫማው ላይ ነበር፤ ግን አዲስ ሙሽራ አይገረፍም» ብላ ነገረችኝ። እናቴ በመጀመሪያው ክረምት አረፈች። አልተሰቃየችም። እዚህ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ጥልቅ አልቆፈርንላትም።

ዶናታ አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅንድቧ ያንተ ነው፤ ስትቆጣ አንዱ ብቻ ይነሳል። ጀልባ ትቀዝፋለች፣ መዋኘት ከዓሣ ነው የተማረችው። ማንበብ ያስተማርኳት ከመቃብር ድንጋይ ላይ ነው፤ ሌላ ጽሑፍ የለንም።

ስለ ከተማችን ጠይቀህ አልነበረም፤ ደግ አደረግህ። ሰዉ በጀልባ እየሄደ ድንጋይዋን ያመጣል። የአደባባዩ አምዶች እዚህ ጀልባ ማሠሪያ ሆነዋል። አንዱ ላይ የአንድ ገዥ ስም ተጽፏል፤ ገመድ ስሙን እየፋቀው ነው። መስታወት ነፊዎቹ ሁሉ አልቀዋል። ባለፈው ሳምንት ሴቶች በአንድ አሮጌ ሰማያዊ ብርጭቆ ተጣልተው ሰበሩት፤ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ያን ቀን እንዴት እንዳመለጥን ልንገርህ። ጨው የሚያወጣ አንድ ሰው ሦስታችንንም በጀልባው አሳፈረን። ጨዉን ባሕር ውስጥ ደፍቶ ነው ቦታ የሰጠን።

በማን ጥላ ሥር እንዳለን ጠይቀሃል። በአምላክ ጥላ ሥር ነን።

አትምጣ። እስከ ጸደይ ቆይ፤ የተራራውን በር በረዶ ይዘጋዋል። ለብርዱ ካባ ልኬልሃለሁ።


ከኤሞና፣ በታኅሣሥ አጋማሽ

ሉፒኪኑስ ለኡርሲና።

አልሰማሁሽም፣ መጣሁ። በተራራው በር ላይ በረዶ ያዘኝ። ፕሮኩሎስ በጀርባው ተሸክሞ ባይመልሰኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ቀኝ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ጠቁሯል። እዚህ ሐኪም የሚባለው የፈረስ ሐኪም ነው፤ «በፈረስ ቢሆን እገድለው ነበር» አለኝ። አመሰገንኩት።

እሱ ደግሞ፣ ፕሮኩሎስ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ትኩሳት ይዞታል። እኔን ሲያድን ብርዱ ደረቱ ውስጥ ገባ።

የእናትሽን ነገር ሰምቼ አዝኛለሁ። ዶናታ በመቃብር ድንጋይ ፊደል መቁጠሯን ደግሞ እዚህ ላሉት ሁሉ አንብቤላቸዋለሁ። ሳቁ።

ስለ ካባው ግን ልጠይቅሽ። ጥሩ ካባ ነው። ሁለት እኔን ይይዛል። ትከሻው የሰፋ፣ ጫፉ ጨው የበላው ነው። ፍሎሮን «ይሄ የማን ልብስ ነው?» አልኩት።

«የቪታሊያን ነዋ!» አለኝ።

«ቪታሊያን ማን ነው?»

ፍሎሮ ዞር ብሎ የበቅሎዋን መጫኛ ማጥበቅ ጀመረ። በቅሎዋ አልተጫነችም ነበር።

«ፍሎሮ፣ ማን ነው?»

«ጌታዬ፣ እኔ ዕቃ ነው የማደርሰው» አለ።

ኡርሲና፣ እኔም አንቺን ነው የምጠይቀው። ማን ነው?


ከግራዶ፣ በጥር መጨረሻ

ኡርሲና ለሉፒኪኑስ።

ባለቤቴ ነው።

ይህን ቃል ጽፌ ሁለት ቀን ወረቀቱን ሳልነካው ቀረሁ። አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ከምርኮ የተመለሰ አንድ ሰው መጥቶ፣ ወንዝ ስትሻገሩ ከግንድ ታንኳው ወድቀህ ውሃው ሲወስድህ በዓይኔ አየሁ ብሎ በቤተ ክርስቲያን ማለልኝ። መርዶህን ተቀበልኩ። ፀጉሬን ፈትቼ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ። ለዶናታ «አባትሽ ሞቷል» ብዬ ነገርኳት፤ «ውሃው ለምን ወሰደው? የሱ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ቪታሊያን በጀልባው ያወጣን ሰውዬ ነው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ተኩል ጠዋት ጠዋት ዓሣ ደጃፌ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ቃል አይናገርም። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ያዝኩት። «ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት። «ዓሣው ትኩስ መሆኑን ላይ ነበር» አለኝ። ንግግር አያውቅም። ማንበብም አያውቅም። ጳጳሳችን ነው ባርኮ ያጋባን።

አንተን ረስቼህ አይደለም። ቀብሬህ ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ አይደሉም፤ ግን ከሩቅ ለሚያይ ሰው አንድ እንደሚመስሉ አውቃለሁ።

ካባውን የሰጠኝ እሱ ነው። ለማን እንደሆነ እያወቀ ነው የሰጠኝ።

ይቅርታ ልጠይቅህ ብዕር ስይዝ ምን እንዳጠፋሁ አላገኘውም። አላጠፋሁም ልል ስይዝ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል።


ከኤሞና፣ የካቲት

ለኡርሲና።

አንብቤዋለሁ።

እኔ ግን አልቀበርኩሽም። የሣሩን አገር አፈር ስቆፍር በየጉድጓዱ ሥር ውሃ ሲወጣ ፊትሽን ነበር የማየው። የደረቀ ጉድጓድ ባገኝ ሞታለች እያልኩ እፈራ ነበር። አንቺ ለካ ዓሣ እየጠበስሽ ነበር።

እግሬ ተቆርጧል። እንድታዝኚልኝ ብዬ አይደለም፤ ባል የነበረሽ ሰው ምን ያህሉ እንደቀረ እንድታውቂ ነው።

ለጳጳሱ ጽፌአለሁ። ሚስቴ ናት፣ መልሱልኝ ብያለሁ። ሁሉን ነገር ወስደውብኛል፤ ከተማዬን፣ ሙያዬን፣ እግሬን። የሮም ሥርዓት ጠፋ ሲሉ እሰማለሁ፤ እስቲ አንድ ነገር እንኳ ለባለቤቱ መመለስ የሚችል ሥርዓት ቀርቶ እንደሆነ አያለሁ።

ፕሮኩሎስ ይህን ደብዳቤ አትላክ ብሎኛል። ትኩሳት ያለበትን ሰው ማን ይሰማል?


ከግራዶ፣ ሚያዝያ በገባ በዐሥረኛው ቀን

ኡርሲና ለሉፒኪኑስ፤ ሰላም።

ያመለከትከው ነገር መልስ አግኝቷል፤ ደስ ይበልህ።

በደሴቶቹ ላይ እንደ እኔ ያለን አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ባሎቻቸው የሞቱ መስሏቸው ያገቡ፣ ባሎቻቸው ደግሞ አንድ በአንድ የሚመለሱ። ጳጳሱ ምን እንደሚወስን ቸግሮት ወደ ሮም ጽፎ ነበር፤ መልሱ ለፋሲካ ደረሰ። ዲያቆኑ ቆሞ አነበበልን። ሁለተኞቹ ባሎች አልበደሉም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ባል ሚስቱን ከፈለገ ትመለስ። እምቢ ያለች ከቁርባን ትለይ።  ከሮም የሚመጣ ትእዛዝ ከሰማን ስንት ዓመታችን! እንዲህ ያለውን ነገር ለመወሰን ብቻ ጉልበት ቀርቷታል።

እኔ ዲያቆኑን ጠየቅሁት። «ሰውየው አልፈልጋትም ቢልስ?»

«ያን ጊዜ ብቻሽን ትኖሪያለሽ» አለኝ። «ባልሽ በሕይወት እንዳለ ታውቋል። ከቪታሊያን ጋር ግን ከእንግዲህ ባልና ሚስት አትባሉም። ያን ማሠሪያ የሚፈታው ሞት ብቻ ነው።»

ስለዚህ ብታዝን ብትምርም ለውጥ አያመጣም። አትጨነቅ፣ እመጣለሁ። ዶናታን ይዤ በግንቦት መጨረሻ እነሣለሁ። የምትበላውን አበስልልሃለሁ፣ ቁስልህን አጥባለሁ። ሚስትህ ነኝ፤ ተነቧል።

ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ሳትሰማው ልንገርህ። ወንድ ልጅ አለኝ። ዮቪኖ ይባላል፣ ስምንት ወሩ ነው። ደብዳቤዎችህን ሁሉ ያነበብኩት እያጠባሁት ነው። ልጅ ለአባቱ ነው ስላሉ እዚህ ይቀራል። ቪታሊያን የፍየል ወተት በጨርቅ እየነከረ ሊያለማምደው ይሞክራል። ልጁ ጨርቁን ይተፋና እኔን ያየኛል።

ይህን የምጽፈው እንድትለውጠው አይደለም። መለወጥ እንደማትችል ነግሬሃለሁ።


ከኤሞና፣ ግንቦት በገባ በሃያኛው ቀን

ለተከበሩ ለእመቤት ኡርሲና፤ የጦቪዮኑ ሸክላ ሠሪ ፕሮኩሎስ እጅ እነሣለሁ።

እመቤቴ፣ አያውቁኝም። የባለቤትዎ የሉፒኪኑስ የምርኮ ወዳጅ ነኝ። ይህን መርዶ የምነግርዎ እኔ በመሆኔ ይቅር ይበሉኝ። ሉፒኪኑስ በግንቦት መባቻ አረፈ። የእግሩ ቁስል ነው የገደለው። የመጨረሻው ደብዳቤዎ ሲደርስ በሕይወት ነበር፤ አንብቦታል።

እንዴት ሰነበተ ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። በመጋቢት በምርኩዝ መውጣት ጀምሮ ነበር። የዚህ ከተማ ሰው ከወንዝ ነው የሚቀዳው፤ የአደባባዩ ምንጭ ከደረቀ ሃያ ዓመት አልፎታል። እሱ ቦዩን ተከትሎ እየዳኸ የተደፈነበትን አገኘና በጭቃና በኖራ ጠገነው። አንድ ጠዋት ውሃው መጣ። አሮጊቶች እልል አሉ። የአሥር ዓመት ልጆች ግን ከድንጋይ አፍ ውሃ ሲወጣ አይተው ስለማያውቁ ሸሹ። ዘጠኝ ቀን ፈሰሰ። በዐሥረኛው ቀን ሰዎች የእርሳሱን ቧንቧ ለወንጭፍ ጥይት ነቀሉት። አልተቆጣም። «ዘጠኝ ቀን ብዙ ነው» አለ።

ሌላም ልንገርዎ የሚገባ ነገር አለ። ከአምስት ቀን በፊት፣ በደረቀው ምንጭ ጠርዝ ላይ ካባ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ከተራራው ወርዶ መጣ።

«ሉፒኪኑስ የሚባል ውሃ ሠሪ ፈልጌ ነው» አለኝ።

«ምን ልትሆነው?»

«ልወስደው ነው። እግሩ አይሄድም አሉኝ። እሷ ደግሞ ከልጅ ጋር ይህን ተራራ መውጣት ይከብዳታል። ስለዚህ አዝዬው ልውረድ ብዬ ነው።»

«ሚስትህን ለሚወስድብህ ሰው በቅሎ ልትሆን ነው?» አልኩት።

«በቅሎማ አላመጣሁም፤ ቁልቁለቱ ላይ ትጥለዋለች» አለኝ። ነገሬ አልገባውም። «ደሴቱ ላይ ቢኖር፣ እሷም ሕፃኑን ጡት እስኪተው ድረስ በቀን በቀን ታየው ነበር። እኔ ወደ ሌላኛው ደሴት እሄድላቸዋለሁ።» ከዚያ ካባውን አየና ወደ እኔ ቀረበ። «ይሄ የኔ ነው። ሉፒኪኑስ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩት። «ሉፒኪኑስ ሞቷል። ካባውን ለእኔ ተወልኝ።»

መቃብሩን በእጄ አሳየሁት። አፈሩ ገና አዲስ ነው። ይደሰታል ብዬ ነበር። እሱ ግን አጠገቤ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ምን ያስለቅስሃል?» አልኩት።

«ሞቷል ስትለኝ ደስ አለኝ» አለ። «ለዚህ ነው የማለቅሰው።»

እመቤቴ፣ እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ብልሆችም፣ አንደበተ ርቱዖችም፣ ግንብ የሚያቆሙም። ከዚህ ሰው ጋር ግን ግማሽ ቀን ተቀምጬ አንድም ክፉ ነገር ላገኝበት አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ወዳጄ ሲሞት ቂም አልነበረውም። በየካቲት የጻፈውን ደብዳቤ እንዲያቃጥሉት ለምኗል። ልጅዎን እንዲስሙለት ብሏል፤ ትልቋንም፣ ትንሹንም።

ይህ ደብዳቤ ለዲያቆኑ ምስክርነት ይሁን። ከኤሞና ቄስም ማኅተም አለበት።


ከግራዶ፣ ሰኔ በገባ በአራተኛው ቀን

ለተከበሩ ለፕሮኩሎስ፣ የሟች ባለቤቴ ወዳጅ፤ ኡርሲና ከብዙ ሰላምታ ጋር።

መርዶዎ ደርሶኛል። ዲያቆኑ የሉፒኪኑስን ስም ከሙታን ጋር በቅዳሴ ላይ ጠርቶ፣ እኔንና ቪታሊያንን እንደገና ባርኮናል። ቪታሊያን የነገሩትን ሁሉ አምኗል። ከተመለሰ ወዲህ ስለ ባለቤቴ ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔም አምኛለሁ። ማመን ስላለብኝ አምኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ደብዳቤዎን ፍሎሮ ሲሰጠኝ እንዲህ አለኝ፤ «ጓደኛውን ከቀበርን ወዲህ ብቻውን ነው፣ እመቤቴ። በአንድ እግሩ ምርኩዝ ይዞ መቃብሩ ላይ ሲቀመጥ ያሳዝናል።»

«ማን ነው ባንድ እግሩ ያለው?» አልኩት። «ፕሮኩሎስ ሁለት እግር አለው። ትኩሳት ነበር ያመመው።»

 ፍሎሮ «ጨው ልጫን፣ መሽቷል» አለ። ገና ቀትር ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም፤ እሱም እንዳይተነፍስ በልጄ ራስ አስምዬዋለሁ። እርስዎም መልእክተኛ ሲመርጡ መዋሸት የሚችል ይምረጡ።

ለዶናታ «አባትሽ ሞቷል» ብዬ ነገርኳት። ይህን ቃል ስነግራት ሁለተኛዬ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ጠየቀችኝ፤ አሁን አልጠየቀችም። ሄዳ ጀልባዋን ፈታች፣ እስኪጨልም አልተመለሰችም። ስትመለስ ቅንድቧ ተነሥቶ ነበር፤ እኔን ነው የተቆጣችው። ልክ ናት። ስታድግ እነግራታለሁ እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ ግን አልነግራትም። ብነግራት ተራራውን ትወጣለች።

ዮቪኖ ድዱን ያሳክከዋል። ጥርስ ሊያወጣ ነው። ጡቴን ሲነክሰኝ እጮኻለሁ፤ ከዚያ መጮህ እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ አስባለሁ።

የየካቲቱን ደብዳቤ አቃጥያለሁ። ሌሎቹንም አብሬ ማቃጠል ነበረብኝ፤ ቤት ውስጥ የሞተ ሰው ደብዳቤ ማስቀመጥ ነውር የለውም ብዬ ተውኳቸው።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ፣ እዚያ አይቅሩ። ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ መንገደኛ ቢያገኙ ብርዱ ሳይመጣ ሕዝብ ወዳለበት ከተማ ይሂዱ፤ ውሃ የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው አገር አንድ እንኳ ሳይኖር አይቀርም። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። የሟች ወዳጅ ደብዳቤ ሲያበዛ ሰው ይጠረጥራል። እኔም ብዙ የምሸሽግበት ቤት የለኝም፤ ሸምበቆ ነው።

ባለቤቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ የምለው ብዙ ነበር። እርስዎን ግን ዛሬ ገና መተዋወቄ ስለሆነ፣ ያልተዋወቀ ሰው ለሰው የሚለውን ብቻ እላለሁ። አምላክ ይጠብቅዎ። ስላደረጉልን ሁሉ ያክብርልን። ደህና ይሁኑ።

ደህና ሁን።